የሠራተኛው ደም ስለ ሥራ ቦታው ይናገራል

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

አዘጋጅ፦ በጋራዥ፣ በባትሪ ቤት፣ በቀለም ቅብና በብየዳ ሥራ ላይ ሆናችሁ የምታዳምጡን፣ ለጥቂት ደቂቃ መሣሪያውን አጥፉና ጆሯችሁን ስጡን። የዛሬው የሥራ ላይ ጤንነት ትምህርታችን በቀጥታ እናንተን የሚመለከት ነው።

በአገራችን አንድ የቆየ ልማድ አለ። ቀለም ሲረጭ የዋለ፣ ባትሪ ሲፈታ የዋለ፣ ኬሚካል ሲያገላብጥ የዋለ ሰው ማታ ወተት ይጠጣል። ለሠራተኞቻቸው ወተት ወይም የወተት መግዣ የሚሰጡ አሠሪዎችም አሉ። «ወተት የመርዝ ማርከሻ ነው» ይባላልና። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ወተትም ጥሩ ምግብ ነው። ነገር ግን ደም ውስጥ የገባን እርሳስ ወተት አያጥበውም፤ አጥንት ውስጥ የተቀመጠውንም አያወጣውም። ደግሞም ሊትር ሙሉ ወተት ቢጠጣ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል፤ ለመሆኑ ሰውነታችን ውስጥ ምን ያህል ገብቷል?

ይህን የሚመልሰው የደም ምርመራ ነው። ዛሬ እርሳስ ወደ ሠራተኛው ሰውነት እንዴት እንደሚገባ፣ ደሙ ውስጥ እንዴት እንደሚለካ፣ ቁጥሩ እንዴት እንደሚነበብና ውጤቱ ከመጣ በኋላ ማን ምን ማድረግ እንዳለበት እንማራለን። ወረቀትና ስክሪብቶ ያላችሁ አቅርቡ፤ የምትጽፏቸው ቁጥሮች አሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

አዘጋጅ፦ እርሳስ ስንል የምንጽፍበትን ማለታችን አይደለም። ከባድና ለስላሳ የሆነውን፣ በ327 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቀልጦ የሚፈሰውን ብረት ነው። አንድ የመኪና ባትሪ ወደ 10 ኪሎ የሚጠጋ እርሳስ ይይዛል። የባጃጁ ባትሪ፣ ብዙ የሶላር ባትሪዎች፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው ባትሪም ከዚሁ የተሠሩ ናቸው። በዓለም ላይ ጥቅም ላይ ከሚውለው እርሳስ አብዛኛው የሚሄደው ወደ ባትሪ ነው። ከዚህ ሌላ ራዲያተር ሲጠገን፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በእርሳስ ሲበየድ፣ የቆየ ቀለም ተፍቆ ግድግዳ ወይም በር ሲታደስ እርሳስ ያጋጥማል።

ባትሪ የሚጠግን ሰው የሚፈራው አሲዱን ነው። መፍራቱ ልክ ነው፤ አሲድ ቱታ ይበሳል፣ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል። አሲድ ግን ራሱን ይናገራል፤ በነካችሁ ቅጽበት ታውቁታላችሁ። እርሳስ አያቃጥልም፣ አያሳክክም። ባትሪ ተፈትቶ ፕሌቶቹ ሲፋቁና ሲራገፉ የሚነሣው ብናኝ ምንም ስሜት ሳይሰጥ ከትንፋሽ ጋር ወደ ሳንባ ይገባል። እርሳሱ ሲቀልጥ ደግሞ ጭስ ይወጣዋል፤ እሳቱ በበረታ ቁጥር ጭሱ ይበዛል። ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የደረሰው ጭስና ደቃቅ ብናኝ አብዛኛው ወደ ደም ያልፋል።

ሁለተኛው መግቢያ አፍ ነው። በእጅ ላይ የቀረው ብናኝ ከእንጀራው ጋር ይጠቀለላል፤ ከጉርሻ ጋር ወደ ጓደኛ አፍ ያልፋል። ሲጋራ በዚያው እጅ ይያዛል፤ ጫትም በዚያው እጅ ይቀነጠሳል። በቆዳ በኩል ግን በባትሪ ሥራ ላይ የሚያጋጥመን ዓይነት እርሳስ የሚገባው እምብዛም ነው። ስለዚህ ጓንት አድርጌያለሁ ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ ጓንቱ እጅን ከአሲድ ያድናል፤ በጓንቱ ላይ ያለው ብናኝ ግን ፊት ሲጠረግ፣ ስልክ ሲነሣ አፍ ዘንድ ይደርሳል።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር አለ። ባዶ ሆድ ከጠገበ ሆድ ይልቅ እርሳስን ወደ ደም ያሳልፋል። ብረትና ካልሲየም የጎደለው ሰውነትም እንዲሁ ነው፤ ምክንያቱም እርሳስ ወደ ሰውነት የሚገባውና የሚመላለሰው ካልሲየም በሚሄድባቸው መንገዶች ነው። እንግዲህ ወተቱ ያለው ጥቅም በዚህ በኩል ነው። ካልሲየም ያለበት ምግብ የተመገበ ሰው የሚወስደው እርሳስ በመጠኑ ሊቀንስ ይችላል። ይህ ግን መጠኑን መቀነስ እንጂ ማርከስ አይደለም። ጾመኛ ሠራተኛ እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምስ የሚውልበት ቤት ደግሞ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ብናኙን አጥብቆ ሊቆጣጠር ይገባዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

አዘጋጅ፦ አሁን ወደ ደሙ እንግባ። እርሳስ ደም ውስጥ ሲገባ 99 ከመቶ የሚሆነው ቀይ የደም ሴሎች ላይ ይጣበቃል። ከዚያ ወደ ጉበት፣ ወደ ኩላሊት፣ ወደ አንጎል ይሠራጫል፤ በመጨረሻም አብዛኛው አጥንት ውስጥ ይቀመጣል። በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ካለው እርሳስ ከ90 ከመቶ በላይ የሚገኘው በአጥንትና በጥርስ ነው።

ስለዚህ ደም ኪስ ነው፤ አጥንት ሣጥን ነው ብላችሁ ያዙት። ኪስ ውስጥ ያለው በቅርቡ የገባውን ያሳያል። አንድ ሰው ከእርሳስ ሥራ ቢርቅ ደሙ ውስጥ ያለው በአንድ ወር ገደማ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ግማሹ እንዲወጣ ግን አሥርተ ዓመታት ይጠይቃል። ለዚህ ነው 20 ዓመት በባትሪ ቤት የሠራ ሰው ሥራውን ትቶም ደሙ በቶሎ የማይጠራው፤ ሣጥኑ ወደ ኪሱ ያፈስለታል። ሴት ስታረግዝና ስታጠባም አጥንቷ ካልሲየም ሲለቅ እርሳሱ አብሮ ይወጣል፤ በእንግዴ ልጅ በኩልም ወደ ፅንሱ ያልፋል።

በሰውነት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ምንድን ነው? ቀይ ደም የሚሠራበትን ሂደት ያደናቅፋል፤ ሰውየው ደም ያንሰዋል፣ ቶሎ ይደክማል። የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል። ኩላሊት ይጎዳል። የወንዱን ዘር ቁጥርና ጥንካሬ ይቀንሳል፤ የሴቷን ፅንስ ያስወርዳል። መጠኑ ሲበዛ ሆድ ቁርጠትና ድርቀት ያመጣል፤ የእጅ አንጓን የሚያነሡ ጡንቻዎች እስኪዝሉ ድረስ ነርቭ ይመታል። በጣም ሲበዛ አንጎል ያብጣል፤ ሰው ሊሞት ይችላል።

አስቸጋሪው ነገር ከእነዚህ ብዙዎቹ ምልክቶች ሌላ በሽታ መምሰላቸው ነው። ድካሙ የሥራ ብዛት፣ ቁርጠቱ ጨጓራ፣ ራስ ምታቱ የፀሐይ ነው ይባላል። ተራው የደም ምርመራ፣ የደም ማነስንና የኢንፌክሽን ምልክትን የሚያሳየው፣ እርሳስን ለይቶ አያሳይም። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ሥራችሁን ንገሩ። «ባትሪ እጠግናለሁ፤ እርሳስ አቀልጣለሁ» በሉ። ሐኪሙ ካላወቀ አያዝም፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

(አጭር ሙዚቃ)

አዘጋጅ፦ ምርመራው እንዲህ ይሠራል። ናሙናው ከክንድ ደም ሥር ይወሰዳል። ደሙ የሚቀመጥበት ቱቦ ከእርሳስ ንጹሕ መሆኑ የተረጋገጠ ሊሆን ይገባል፤ የሚለካው ነገር እጅግ ጥቂት ስለሆነ ቱቦው ላይ ያለች ቅንጣት ውጤቱን ታበላሻለች። በዚሁ ምክንያት ሠራተኛው ለምርመራ ሲሄድ ቱታውን ለውጦ፣ እጁንና ክንዱን በሳሙናና በውኃ በደንብ ታጥቦ ይሂድ። በተለይ ከጣት ጫፍ በመርፌ ተወግቶ የሚወሰድ ደም ከሆነ፣ ጣት ላይ የቀረ ብናኝ ከደሙ ጋር ተቀላቅሎ ቁጥሩን በውሸት ከፍ ያደርገዋል። ከጣት ተወስዶ ከፍ ያለ ውጤት ከመጣ ከክንድ በተወሰደ ደም መረጋገጥ አለበት።

ውጤቱ የሚጻፈው በማይክሮግራም በዴሲ ሊትር ነው። ማይክሮግራም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው፤ ዴሲ ሊትር የሊትር አንድ አሥረኛ ነው። አንድ አዋቂ ሰው 5 ሊትር ገደማ ደም አለው። የደሙ ውጤት 40 ቢሆን፣ በጠቅላላ ደሙ ውስጥ ያለው እርሳስ 2 ሚሊግራም ነው ማለት ነው፤ የአንድ ግራም አንድ አምስት መቶኛ። ይህን ያህል ጥቂት ነገር ነው ሰውን የሚያደክመው።

አሁን ጻፉ። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የማንም ሰው ደም 5 እና ከዚያ በላይ ካሳየ እርሳሱ ከየት እንደመጣ ይፈለግ፣ ምንጩም ይቀነስ ይላል። ከ10 በታች ባለ መጠን እንኳ በደም ግፊትና በኩላሊት ላይ ለውጥ እንደሚታይ ጥናቶች አሳይተዋል። ልጆች ደግሞ ከዚህም ባነሰ መጠን ይጎዳሉ፤ የአንጎል ዕድገታቸው ይነካል።

በአገራችን ሁኔታው ምን ይመስላል? በጅማ ከተማ በጋራዥ ሠራተኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት አለ። በዚያ ጥናት የተመረመሩት የጋራዥ ሠራተኞች ሁሉ ደማቸው ከ10 በላይ ሆኖ ተገኝቷል፤ ግማሽ ገደማ የሚሆኑት ከ20 በላይ ነበሩ። በሥራው ላይ የቆዩበት ዘመን በረዘመ ቁጥርም የደማቸው እርሳስ ጨምሮ ታይቷል።

አንድ ጊዜ ብቻ መመርመር ግን በቂ አይደለም። የመጀመሪያው ምርመራ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ በኋላ የሚመጣው ከምን ጋር እንደሚነጻጸር ያሳያልና። ከዚያ በየጊዜው እየተለካ መዝገብ ይያዝለታል። ለምሳሌ የአንድ ሠራተኛ ውጤት በመጀመሪያ 6፣ ከሦስት ወር በኋላ 13፣ ከስድስት ወር በኋላ 22 ቢሆን፣ «ገና አልታመመም» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ቁጥሩ እየወጣ ነው፤ የሥራ ቦታው አንድ ነገር እያደረገው ነው። ሰውነቱ ሳይታመም በፊት የምናውቅበት ብቸኛው ዕድል ይህ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

የአንድን ሰው ቁጥር ከጓደኞቹ ቁጥር ጋር አስተያይቶ ማንበብም ያስፈልጋል። በአንድ ቤት የሚሠሩት ሁሉ ከፍ ብለው ከተገኙ ችግሩ አየሩ ላይ ነው። አንዱ ብቻ ከፍ ካለ እሱ የሚሠራውን ሥራ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ይህን በአጭር ጭውውት እንስማው።

(የጋራዥ ድምፅ፤ የመዶሻ ኳኳታ፤ ዝቅ ይላል)

ባለ ጋራዡ፦ ሲስተር፣ ይግቡ ይግቡ። በሰዓቱ ነው የመጡት፤ ቡና ደርሷል።

ሲስተሯ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ቡናውን ውጪ ወጥተን ብንጠጣው ይሻላል። እዚህ ባትሪ የሚፈታበት ክፍል ውስጥ አልጠጣም።

ባለ ጋራዡ፦ ምነው? እኔ ስንት ዓመት እዚሁ ስጠጣ የኖርኩት!

ሲስተሯ፦ እሱን በኋላ እንነጋገርበታለን። የልጆቹ የደም ውጤት መጥቷል። ሦስቱ 14፣ 16 እና 17 ናቸው። አንዱ ግን 41 ሆኗል።

ባለ ጋራዡ፦ የማን ነው? የዚያ የቀጭኑ ልጅ? እኔም ጠርጥሬ ነበር፤ ሰውነቱ አልቻለም። በሉ እሱን አሰናብቼ ጠንከር ያለ ልጅ አመጣለሁ።

ሲስተሯ፦ ጠንካራውን ቢያመጡት ከጥቂት ወራት በኋላ የእሱም 41 ይሆናል። ይልቅ ልጁ ምንድን ነው የሚሠራው?

ባለ ጋራዡ፦ ፕሌት ይፍቃል። እርሳስም የሚያቀልጠው እሱ ነው።

ሲስተሯ፦ የት ያቀልጣል?

ባለ ጋራዡ፦ እዚያ ጥግ ላይ። ዝናብ እንዳይመታው ብዬ ነው ከውስጥ ያደረግኩለት።

ሲስተሯ፦ ጭሱ በየት ይወጣል?

ባለ ጋራዡ፦ በ... በበሩ ነዋ።

ሲስተሯ፦ ማታስ ወለሉን ማን ያጸዳል?

ባለ ጋራዡ፦ እሱው ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ አንድም ነገር አያስቀርም። ይጠርግና ጠረጴዛውን በኮምፕረሰር ይነፋዋል።

ሲስተሯ፦ ይኸው ጋሼ፣ 41 ያደረገው ጉብዝናው ነው። የሁሉንም ጭስና የሁሉንም ብናኝ እሱ ይተነፍሳል። የሌሎቹስ ከ10 በላይ የሆነው ከየት መሰለዎት? ከዚያው ጥግ ነው። አሁን ልጁን ከደሞዙ ሳያጎድሉ ለጊዜው ወደ ጎማ ሥራ ያዛውሩት፤ ሐኪምም ይየው። ማቅለጫውን ከዚህ ያውጡት፤ ጣሪያና ጭስ መሳቢያ ይሥሩለት። በደረቁ መጥረግና በኮምፕረሰር መንፋት ይቅር፤ ወለሉ በእርጥብ ይወልወል። ከሁለት ወር በኋላ እንደገና እንለካለን።

ባለ ጋራዡ፦ እንዲያው ሲስተር... የእኔ ስንት ይሆን? እኔ እኮ አልተመረመርኩም።

ሲስተሯ፦ እጅዎን በሳሙና ታጥበው ይምጡ ጋሼ። መርፌውን ይዤ ነው የመጣሁት።

(አጭር ሙዚቃ)

አዘጋጅ፦ ባለ ጋራዡ ክፉ ሰው አይደሉም። መጀመሪያ ያሰቡት ግን ብዙ አሠሪዎች የሚያስቡትን ነው፤ ደሙ ከፍ ያለውን ሰው ማሰናበት። በዓለም ታሪክም ይኸው ሐሳብ ደጋግሞ ተከስቷል።

በተቃራኒው የቆሙም ነበሩ፤ በእንግሊዝ አገር ቶማስ ሌግ የሚባል ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1898 የመጀመሪያው የፋብሪካዎች የሕክምና ተቆጣጣሪ ሆኖ ተሾመ። በእርሳስ የተመረዙ ሠራተኞችን ለዓመታት ሲከታተል የደረሰበት መደምደሚያ ሠራተኛው ተጠንቀቅ ስለተባለ ብቻ አይድንም የሚል ነው፤ በመጀመሪያ አሠሪው ብናኙንና ጭሱን በመሣሪያ ማስወገድ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1921 የዓለም የሥራ ድርጅት ነጭ እርሳስን በቀለም ሥራ ላይ የሚገድብ ስምምነት አወጣ። የእንግሊዝ መንግሥት ያንን አላጸድቅም ሲል ሌግ በ1926 ሥልጣኑን ለቀቀ።

በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ሆኑ። አሜሪካን ሳያናሚድ የተባለው ኩባንያ በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት ዊሎው አይላንድ በሚገኘው ፋብሪካው፣ መውለድ የሚችሉ ሴቶች በእርሳስ ቀለም ክፍል እንዳይሠሩ ከለከለ። አምስት ሴቶች እንጀራቸውን ላለማጣት መካን የሚያደርግ ቀዶ ሕክምና አደረጉ። አየሩን ማጽዳት ቀርቶ የሴቶቹ ማህፀን ተዘጋ። ጆንሰን ኮንትሮልስ የተባለው ባትሪ አምራችም ተመሳሳይ ክልከላ አውጥቶ ነበር፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1991 ክልከላው ሴቶችን የሚያገል ሕገ ወጥ አሠራር ነው ብሎ ሻረው። እርሳስ የወንዱንም ዘር ስለሚጎዳ ሴቶቹን ማስወጣቱ ችግሩን አይፈታም ነበር።

በዚያው በ1978 ግን የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የእርሳስ ደንብ አወጣ። ደንቡ በሥራ ቦታ አየር ውስጥ የሚፈቀደውን እርሳስ በአንድ ሜትር ኩብ 50 ማይክሮግራም ላይ ወሰነ። ለእርሳስ የተጋለጡት በየስድስት ወሩ ይመርመሩ፤ ደማቸው 40 የደረሰ በየሁለት ወሩ ይመርመሩ፤ 60 የደረሰ ደግሞ ከእርሳስ ሥራ ይነሣ አለ። የተነሣው ሠራተኛ እስከ 18 ወር ድረስ ደሞዙና የአገልግሎት ዘመኑ እንዲጠበቅለትም ደነገገ።

ይህ የደሞዝ ጥበቃ ከቁጥሮቹ ሁሉ ይበልጣል። ደሜ ከፍ ካለ እባረራለሁ ብሎ የሚፈራ ሰው ክንዱን አይሰጥም። ቢሰጥም ከምርመራው በፊት ዕረፍት ወስዶ ቁጥሩን ዝቅ ያደርጋል፤ ቀደም ብለን እንዳልነው ኪሱ በአንድ ወር ይጎድላልና። በሌላ በኩል አንዳንድ አሠሪዎች ሠራተኛው እርሳስ ውስጥ እየዋለ እርሳስ አስወጪ መድኃኒት እንዲወስድ ያደርጉ ነበር፤ ቁጥሩ ይወርዳል፣ መርዙ ግን መግባቱን አያቆምም። ያው የ1978 ደንብ ይህንንም ከልክሏል። መድኃኒቱ ኩላሊት የሚጎዳበት ጊዜ ስላለ የሚታዘዘው በሐኪም ነው፤ ያውም ሰውየው ከእርሳሱ ከራቀ በኋላ።

ዛሬ የ1978ቱ ቁጥሮች በጣም ልል እንደሆኑ ይታወቃል። የካሊፎርኒያ ግዛት ከጥር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ የአየሩን ልክ ከ50 ወደ 10 አውርዶታል፤ ሠራተኛው ከሥራው የሚነሣበትንም የደም መጠን ወደ 30 ዝቅ አድርጎታል።

(አጭር ሙዚቃ)

አዘጋጅ፦ የእኛስ ሕግ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 የአሠሪውን ግዴታ ይዘረዝራል። እንደ ሥራው ጠባይ፣ አዲስ የሚቀጠሩ ሠራተኞችና አደገኛ ሥራ ላይ የተሰማሩ ሠራተኞች በአሠሪው ወጪ የጤና ምርመራ እንዲደረግላቸው ያዛል። በአሠሪው ወጪ የሚለውን አስምሩበት። ዕድሜው 18 ያልሞላ ወጣትም ለጤናው አደገኛ በሆነ ሥራ ላይ እንዳይሰማራ አዋጁ ይከለክላል። ሙያ እየለመደ ነው ተብሎ የ15 ዓመት ልጅ እርሳስ ማቅለጫ ፊት አይቆምም።

ጉዳዩ በጋራዡ አጥር አያበቃም። ብናኙ በቱታ፣ በጫማና በፀጉር ተሳፍሮ ቤት ይገባል፤ አባቱን ሮጦ የሚያቅፈው ልጅ ላይ ይራገፋል። በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር አጠገብ፣ ቲያሮዬ ሱር ሜር በሚባል ሰፈር ያገለገሉ ባትሪዎች ይፈረካከሱ ነበር። ነዋሪዎች እርሳስ ያለበትን አፈር እያበጠሩ ይሸጡ ጀመር። ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ 18 ሕፃናት ሞቱ። የተረፉት ልጆችና እናቶች ደም ሲለካ ነው የሞቱ ምክንያት የታወቀው። ስለዚህ ቱታችሁን ሥራ ቦታ አውልቁ፤ ከቤተሰብ ልብስ ጋር አትጠቡት፤ ገላችሁን ታጥባችሁ ቤት ግቡ። የአንድ ሠራተኛ ደም ከፍ ብሎ ከተገኘም ሚስቱንና ልጆቹን ማስመርመር ይገባል። ያረጀ ባትሪ ለቆራሌው መስጠት የለመዳችሁም፣ ባትሪው በማን ግቢ እንደሚፈረካከስ ጠይቁ።

እስካሁን ስለ እርሳስ ነበር ያወራነው። ሌሎች መርዛማ ብረቶችም አሉ፤ ሁሉም ግን በደም አይለኩም። ወርቅ ለመለየት ሜርኩሪ የሚያተን ሰው የሚመረመረው በዋናነት በሽንት ነው። ለአርሴኒክም ሽንት ነው የሚሻለው። ካድሚየም በደምም በሽንትም ይለካል፤ ደሙ የቅርቡን፣ ሽንቱ ኩላሊት ውስጥ ለዓመታት የተጠራቀመውን ያሳያል። ለበያጆች የሚያሰጋው ማንጋኒዝ ግን በደም ሲለካ የአንድን ሰው ሁኔታ በደንብ አይናገርም። ስለዚህ «የብረት ምርመራ» ብሎ በደፈናው ከመጠየቅ የምትሠሩበትን ዕቃ ስም መናገር ይጠቅማል።

(አጭር ሙዚቃ)

አዘጋጅ፦ የዛሬውን ትምህርት እናጠቃልል። አንደኛ፣ እርሳስ የሚገባው በትንፋሽና በአፍ ነው፤ ተራ የጨርቅ ማስክ ጭሱን አያስቀርም። ሁለተኛ፣ ደም የሚያሳየው የቅርቡን ነው፤ ስለዚህ በየጊዜው ይለካ፣ ውጤቱም በጽሑፍ ለሠራተኛው ይሰጥ። ሦስተኛ፣ ከፍ ያለ ቁጥር ሲመጣ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ማቅለጫው፣ መጥረጊያውና የመብያው ቦታ ነው። አራተኛ፣ ከፍ ያለው ሠራተኛ ከእርሳሱ ይራቅ፤ ደሞዙ ግን አይራቀው።

የሳምንቱ የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። ሠራተኞች፣ በምትሠሩበት ቤት ብናኝ ወይም ጭስ የሚነሣባቸውን ቦታዎች በወረቀት ዘርዝሩ፤ ምግብና ቡና ከየትኛው ቦታ በስንት ሜትር ርቀት እንደሚቀርብ ጻፉ። አሠሪዎች፣ በአቅራቢያችሁ ያለው ሆስፒታል እርሳስን በደም ይለካ እንደሆነ፣ ካልለካም ናሙናውን ወዴት እንደሚልክ ጠይቁ። የወተቱን ወጪ አታቋርጡ፤ ሠራተኛው ይጠጣው፣ ይወፍርበት። ነገር ግን ወተቱ የመጀመሪያው ወጪያችሁ አይሁን። መጀመሪያ ጭስ መሳቢያው፣ ውኃውና ሳሙናው፣ የደም ምርመራው ይምጣ። ወተቱ ከእነዚህ በኋላ ይደርሳል።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ብየዳ ጭስና ስለ ሳንባ እንማራለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)